አቤቱታ እና ልመና፦ የሠራተኛው ጥያቄ በተውኔትና በልብ ወለድ

ኪነ ጥበብ የኅብረተሰብ ኑሮ ነጸብራቅ ነው የሚለው አባባል በሂስ ገጾች ላይ ብዙ ጊዜ ተደጋግሟል። አባባሉ እውነት ቢሆንም ብቻውን ብዙ አያስረዳም። ደራሲው ከኑሮው ውስጥ የትኛውን ገጽ መረጠ? የመረጠውንስ በማን ዓይን አየው? ሂስ መመለስ የሚገባው እነዚህን ጥያቄዎች ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከኑሮው ገጾች አንዱን ብቻ ነው፤ ይኸውም ሥራ ያጣ ወይም የላቡን ዋጋ የተነፈገ ሰው ለአሠሪው ወይም ለባለሥልጣን የሚያቀርበው አቤቱታ በደራስያን እጅ እንዴት እንደ ተያዘ ነው።

አቤቱታ በአገራችን ከወረቀት በፊት የኖረ ነው። ተበዳይ በጌታ ደጅ ይጠናል፤ ንጉሥ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ቆሞ «አቤት! አቤት!» እያለ ይጮኻል። በዘውዱ ዘመን ከዙፋን ችሎት ለመድረስ ከሩቅ አውራጃ ተነሥቶ በአዲስ አበባ ወራት የሚንከራተተው ባለጉዳይ ቁጥሩ ቀላል አልነበረም። ጽሕፈት ሲስፋፋ ደግሞ ራፖር ጸሐፊ ተነሣ። በፍርድ ቤትና በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛውን ዘርግቶ የሚቀመጠው ይህ ሰው ፊደል ያልቆጠረው ሕዝብ ደራሲ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ብዙው ገበሬና የቀን ሠራተኛ በዕድሜው ሙሉ ስለ ራሱ የተጻፈ አንድ ገጽ እንኳ ቢኖረው፣ ያ ገጽ ማመልከቻ ነበር።

ነገር ግን ማመልከቻው የራሱ የሆነ ወግ ነበረው። ከላይ የጌታው ማዕርግ ይደረደራል፤ ከዚያ የአመልካቹ ድህነት፣ የልጆቹ ብዛትና የጤናው ጉድለት ይዘረዘራል፤ በመጨረሻም ከእግር ሥር መውደቅ ይከተላል። የተበደለው ነገር ምን እንደ ሆነና ስንት እንደ ሆነ በዚህ ሁሉ መካከል ተውጦ ይቀራል። እኔም የዚህ ጥፋት ተካፋይ ነኝ። ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ጎረቤታችን የነበሩ የቀን ሠራተኛ የአሥራ አንድ ቀን ሒሳባቸውን ተከልክለው ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። ችሎታዬን ለማሳየት ቸኩዬ ስለ ረኃባቸውና ስለ አሠሪው ርኅራኄ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ። አንብብልኝ ብለው በጸጥታ አዳመጡና፣ «ማለፊያ ነው ልጄ፤ አሥራ አንዱ ቀን ግን የት ገባ?» አሉኝ። ቀኑን አልጻፍኩትም ነበር።

የእኒያ ሰው ጥያቄ ለሂስ መመዘኛ ሊሆነን ይችላል ብዬ አምናለሁ። ልመና የሰጪውን ርኅራኄ ይለምናል፤ አቤቱታ ግን የተወሰደው እንዲመለስ ይጠይቃል። ልመና በእንባ ይናገራል፤ አቤቱታ በልክና በቁጥር ይናገራል። ስለ ድሃው የሚጽፍ ደራሲ ሁለቱን ሲያምታታ፣ ምንም ያህል ርኅሩኅ ቢሆን፣ ባለ መብቱን ለማኝ አድርጎ ያቀርበዋል።

የሚዛኑ ትዕይንት

ይህን ልዩነት አጥርተው ካሳዩት ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1892 የታተመው የጀርመናዊው ገርሃርት ሐውፕትማን «ሸማኔዎቹ» የተሰኘው ባለ አምስት ገቢር ተውኔት ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1844 በሲሌዥያ የተነሣው የሸማኔዎች ዐመፅ ነው። የመጀመሪያው ገቢር የሚከናወነው ድራይሲገር በተባለው ከበርቴ ቤት፣ ሸማኔዎች የሠሩትን ጣቃ በሚያስረክቡበት ክፍል ውስጥ ነው። ሸማኔዎቹ ፍርድ እንደሚጠብቁ ሰዎች ተደርድረው ይቆማሉ። ተቆጣጣሪው ጣቃውን በሚዛን ያኖራል፤ እንከን ይፈልግለታል፤ ዋጋውን ይቀንሳል። ከፊሉ ጥቂት ብድር ይለምናል፤ ከፊሉ ስለ ታመመበት ቤተሰብ ይናገራል። ይህ ሁሉ ልመና ነው፤ ሁሉም ከንቱ ይቀራል።

ከዚያ ቤከር የተባለው ወጣት ሸማኔ ይመጣል። የተሰጠውን ገንዘብ አይቶ፣ ይህ ምጽዋት እንጂ የሥራ ዋጋ አይደለም ይላል። በክፍሉ ውስጥ ያለው አየር የሚለወጠው በዚህ ጊዜ ነው። ቤከር ከሌሎቹ ይበልጥ የተራበ ስለ ሆነ አይደለም፤ ነገሩን በትክክለኛ ስሙ ስለ ጠራው ነው። ጥቂት ቆይቶ አንድ ሕፃን በረኃብ ይወድቃል። ከበርቴው ይደነግጣል፤ ስለ ራሱ ጭንቀትና ኪሣራ ንግግር ያደርጋል፤ ቀጥሎም ሥራ ላጡ ሁለት መቶ ሸማኔዎች ሥራ እሰጣለሁ ይላል። ዝርዝሩ ሲጠየቅ ግን ለአንድ ጣቃ የሚከፈለው አሥር ግሮሽን ብቻ መሆኑ ይታወቃል። ሥራ መፍጠር የደመወዝ መቀነሻ መሣሪያ ሲሆን በአንዲት ቁጥር ተገለጠ። ሐውፕትማን ስለ ብዝበዛ ምንነት በገጸ ባሕርያቱ አፍ ትምህርት አልሰጠም፤ ሚዛኑን መድረክ ላይ አኖረና ተመልካቹ ራሱ እንዲመዝን ተወው።

ተውኔቱ የእንባ ብቻ ሥራ ቢሆን ኖሮ ባለሥልጣኖችን ባላሠጋ ነበር። የበርሊን ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1892 በአደባባይ እንዳይታይ ከለከለው። በሚቀጥለው ዓመት በፍርድ ቤት ሲፈቀድ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ የቴያትር ቤቱ መግቢያ ዋጋ ውድ ስለ ሆነ ሠራተኛው በብዛት ሊመጣ አይችልም የሚል ነበር። ስለ ደመወዝ ማነስ የተጻፈ ተውኔት የተፈቀደው የደመወዝ ማነስ ተመልካቹን ስላስቀረ ነው ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ሂስ የሚጽፍ ሐያሲ አይገኝም።

ሠዓሊዋ ኬተ ኮልቪትስ ይህን ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1893 ከተመለከተች በኋላ ስድስት የሕትመት ሥዕሎች ያሉት ተከታታይ ሥራ አዘጋጀች። ከሥዕሎቹ በአንደኛው ወደ ከበርቴው ቤት ከሚጓዘው ሰልፍ መካከል ልጇን ያዘለች እናት ትታያለች፤ ልጁ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። እናቲቱ እጇን ለምጽዋት አልዘረጋችም፤ ትሄዳለች እንጂ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1898 ለሜዳልያ ሲታጭ ንጉሠ ነገሥት ቪልሄልም ዳግማዊ እንዳይሰጣት ከለከሉ።

የቋንቋው ጥያቄ

ወደ አህጉራችን ስንመለስ ከሴኔጋላዊው ሴምቤን ኡስማን ልብ ወለድ «የእግዜር ቁርጥራጭ እንጨቶች» ጋር እንገናኛለን። እ.ኤ.አ. በ1960 የታተመው ይህ መጽሐፍ የዳካር–ኒጀር የምድር ባቡር ሠራተኞች ከጥቅምት 1947 እስከ መጋቢት 1948 እ.ኤ.አ. ያደረጉትን የሥራ ማቆም አድማ መሠረት ያደረገ ነው። ደራሲው ራሱ በማርሴይ ወደብ በጭነት ሥራ ላይ የኖረ ሰው ስለ ነበር ስለ ላብ አደሩ ከሩቅ አይጽፍም።

የአድማው ጥያቄዎች በመጽሐፉ ውስጥ አንድ በአንድ ተለይተው ይታወቃሉ፦ የደመወዝ ጭማሪ፣ ጡረታ፣ ለፈረንሳዊ ባልደረቦቻቸው የሚከፈለው የቤተሰብ አበል ለአፍሪካውያኑም እንዲከፈል። የኩባንያው ሹም ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ የሚሸሸው ስለ ሠራተኞቹ የጋብቻ ልማድ በማውራት ነው። ባለ መብቱ ቁጥር ሲያቀርብ ባለሥልጣኑ ወደ ጠባይ ትችት ይሸሻል፤ የትም አገር የታየ ነገር ነው። በድርድሩ ላይ ከሠራተኞቹ ወገን ሌላም ትልቅ ነጥብ ይነሣል። ፈረንሳይኛ የምንናገረው እናንተ የእኛን ቋንቋ ስለማታውቁ ነው፣ ይህም ለዘለዓለም አይቆይም የሚል መንፈስ ያለው ንግግር ነው። የአቤቱታውን ቃል የሚመርጠው ማነው የሚለው ጥያቄ በኛም ራፖር ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ሴምቤን በድፍረት አነሣው።

የመጽሐፉ ርእስም ትርጉም አለው። ሰውን በቁጥር መጥራት ዕድሜ ያሳጥራል ተብሎ ስለሚታመን፣ ሰዎች ሲቆጠሩ «የእግዜር ቁርጥራጭ እንጨቶች» ይባላሉ። ደራሲው ይህን ልማድ አክብሮ ያቀርበዋል፤ ግን ደግሞ ሠራተኛው የደመወዙን ሒሳብ እንዲቆጥር ያደርገዋል። ከቲየስ ተነሥተው እስከ ዳካር በእግራቸው የተጓዙት ሴቶች የመጽሐፉ ከፍተኛ ትዕይንት ናቸው። ባሎቻቸው በጽሑፍ ያቀረቡትን ጥያቄ እነርሱ በእግራቸው አቀረቡት።

በኛ ድርሰት

በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ በዚህ ረገድ ቀድሞ የሚነሣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ነው። አንባቢ ሁሉ በሰብለ ወንጌልና በበዛብህ ፍቅር ይመሰጣል፤ የመጽሐፉ ሰፊ ቦታም የእነርሱ ነው። ሆኖም የፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎች በአበጀ በለው እየተመሩ፣ ከተለመደው ግብር በላይ የተጠየቁትን አንከፍልም ያሉበት ክፍል በጽሑፋችን ታሪክ ልዩ ስፍራ ይገባዋል። ገበሬዎቹ ማሩን አይሉም። የሚገባው ይህ ነው፣ ከዚህ በላይ ያለው ግን አይገባም የሚል ልክ ያለው ክርክር ያቀርባሉ። ፊታውራሪ ይህን በጦር ሊመልሱ ወጥተው በገበሬዎቹ እጅ ይወድቃሉ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ጭሰኛ ጌታውን በልክ መከራከር እንደሚችል ያሳየ ድርሰት ነው።

አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ያሳተመው «አልወለድም» ደግሞ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ይይዘዋል። ገና በማሕፀን ያለ ሕፃን ወደዚህ ዓይነት ኑሮ አልመጣም ብሎ እናቱን ይሞግታል። ሐሳቡ ደፋር ነው፤ መጽሐፉም ታግዷል። ይሁን እንጂ የሕፃኑ ክስ በዓለም ሁሉ ላይ የተሰነዘረ በመሆኑ፣ ማን ምን ያህል እንደ ወሰደ ለይቶ ለመያዝ ያስቸግራል። ቁጣው ከሒሳቡ ይበልጣል።

ከእንባ ወደ መፈክር

በ1966 ዓ.ም. የሆነው ለደራስያን ትልቅ ትምህርት ነበር። በጥር ወር በነገሌ ቦረና የሠፈረው ጦር ያነሣው አቤቱታ ስለ ምግብና ስለ ውኃ ነበር። በየካቲት መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ባለታክሲዎች ስለ ቤንዚን ዋጋ ተነሡ። በወሩ መጨረሻ የኢትዮጵያ ሠራተኛ አንድነት ማኅበር የደመወዝና የመደራጀት መብት ጥያቄዎችን ይዞ ለአራት ቀን የቆየ አጠቃላይ አድማ አደረገ። ዘውዱን ያናወጠው ማዕበል የጀመረው በውኃ፣ በቤንዚንና በወር ደመወዝ ነው፤ ሁሉም ሊቆጠሩና ሊለኩ የሚችሉ ነገሮች ናቸው።

ከዚያ በኋላ መድረኩ በላብ አደር ተሞላ። በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ የተበጠሰ ሰንሰለትና የተጨበጠ ክንድ ያልታየበት ትርኢት አልነበረም። የሙያ ዕድል ያገኙ ወጣቶች ብዙ ነበሩና ይህን ማቃለል ተገቢ አይደለም። ነገር ግን እውነቱ መነገር አለበት። ስለ ላብ አደሩ በሚዘመርበት በዚያው ዘመን፣ በ1968 ዓ.ም.፣ ያንን አድማ የጠራው ማኅበር ፈርሷል። በመድረክ ላይ የቆመው ላብ አደር ድል አድራጊ እንጂ ጠያቂ እንዲሆን አልተፈቀደለትም። ደመወዙ ስንት ነው፣ የሥራ ሰዓቱስ ስንት ነው ብሎ አይናገርም። ቀድሞ በእንባ ተውጦ የነበረው ሒሳብ አሁን በመፈክር ተዋጠ። እንባና መፈክር ተቃራኒ ይመስላሉ፤ አሥራ አንዱን ቀን በመርሳት ግን አንድ ናቸው።

ኪነ ጥበብ የሒሳብ መዝገብ አይደለም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ትክክል ነው። መዝገብ ብቻውን ድርሰት አይሆንም። ሆኖም ቁጥር በሰው አፍ ሲገባ ጠባይ ይሆናል። አሥር ግሮሽን የሚለውን የሚናገረው ተቆጣጣሪ፣ የሚሰማው ሸማኔና የሚያፍረው ወይም የማያፍረው ከበርቴ፣ ሦስቱም በዚያች ቁጥር ይታወቃሉ። ግጭት ከዚህ ይወለዳል።

ዛሬ ደራሲው የሚያየው ነገር አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ስፌት ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር እንደ ነበር ገልጿል። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል፤ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ወለሉ እንዲወሰን ለዓመታት ሲወተውት ኖሯል። ከገጠር መጥታ፣ ቤት ኪራይ ከጓደኞቿ ጋር ተካፍላ፣ ከማሽኑ ፊት የምትቀመጠው ወጣት ከሲሌዥያ ሸማኔ የምትለየው በዘመን እንጂ በጥያቄ አይደለም። ተውኔት ጸሐፊ ወደ እርስዋ ሲሄድ ስለ ችግሯ ብቻ አይጠይቃት፤ የደመወዝ ወረቀቷን አሳይኝ ይበላት። ከደመወዟ ላይ የተቆረጠው ምን እንደ ሆነ፣ ያቋረጠችበት ምክንያት ወይም የቀጠለችበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ይስማ። የመጀመሪያው ገቢር በዚያ ወረቀት ላይ ይገኛል።

መምህራንም የድርሻቸውን ሊወጡ ይችላሉ። በየክፍሉ የማመልከቻ አጻጻፍ ሲያስተምሩ ከአክብሮት ቃላቱ በፊት «ምን ተወሰደ? ስንት? መቼ?» የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ያስቀድሙ። ያ ትምህርት ለዜጋውም፣ ነገ ለሚነሣው ደራሲም ስንቅ ይሆናል። «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል፤ በደንብ ሳይናገሩ ደግሞ የአሥራ አንድ ቀን ሒሳብ ይቀራል።

በቋንቋችን «አቤት» ሁለት አገልግሎት አለው። የተበደለ ሰው ፍትሕ ለመጠየቅ «አቤት!» ይላል፤ የተጠራ ሰውም ሲመልስ «አቤት» ይላል። ለብዙ ዘመን ሁለቱንም ያለው አንድ ሰው፣ ያው ድሃው ነበር፤ ሲበደልም ሲጠራም «አቤት» ባዩ እርሱ ነው። የኪነ ጥበብ ባለሙያው ሥራ የመጀመሪያውን «አቤት» በትክክል፣ ከነሒሳቡ ማሰማት ነው። ያን ጊዜ ሁለተኛውን «አቤት» ማለት ያለበት ማን እንደ ሆነ ተመልካቹ ራሱ ያውቀዋል።