«ናሙና» እና «ውጤት»፤ በትራከር ሙዚቃ ቃላት ላይ የቀረበ ትችት

ለአንድ የሙያ ቃል የሚሰጠው የአማርኛ አቻ የሚመዘነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ በሚያሳየው ውበት ሳይሆን፣ ሙያውን የሚማረው ሰው ቃሉን ይዞ ወደ ሥራው በገባ ጊዜ በሚያደርስለት ቦታ ነው። የተስተካከለ የሚመስለው አቻ ተማሪውን ከበር ሊመልሰው፣ ሻካራ የሚመስለው ደግሞ እስከ ጓዳ ድረስ ሊያስገባው ይችላል። ይህን የምንለው «ናሙና» እና «ውጤት» የተባሉትን ሁለት የታወቁ ቃላት ይዘን ነው። ሁለቱም በየመስካቸው ነቀፋ የለባቸውም። ትራከር ወደሚባለው የሙዚቃ መጻፊያ ፕሮግራም ሲዛወሩ ግን ከጥቅማቸው ጉዳታቸው በልጦ አግኝተነዋል።

ትራከር የሚለው ስም መሠረቱ ካርስተን ኦባርስኪ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1987 አሚጋ ለተባለው ኮምፒዩተር ያወጣው «አልቲሜት ሳውንድትራከር» የተሰኘ ፕሮግራም ነው። አሚጋ ፓውላ በምትባል የድምፅ ቺፕ አማካይነት በአንድ ጊዜ 4 ድምፆችን፣ እያንዳንዳቸውን በ8 ቢት ልኬት ታሰማ ስለ ነበር፣ ፕሮግራሙም የተቀረጸው በዚሁ ልክ ነው። የሚጻፍበት ገጽ ከላይ ወደ ታች የሚነበብ ባለ 64 ረድፍ ሠንጠረዥ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ በ4ቱ መስመሮች ሥር የኖታው ስም፣ የሚጫወተው ድምፅ ቁጥርና አንድ ትእዛዝ ይሰፍራሉ። አምስት አግዳሚ መስመር ያለው የአውሮፓ ኖታ እዚህ የለም፤ ሁሉም ነገር በፊደልና በቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጡት ስክሪም ትራከር 3 እና ፋስትትራከር 2፣ መስመሮቹን አበዙ እንጂ የአጻጻፉን ዘዴ አልለወጡትም። ዛሬም ኦፕንኤምፒቲንና ሚልኪትራከርን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ ይገኛሉ።

የዚህ ሙያ ትልቁ ጸጋ የተጠናቀቀው ሥራ ራሱ መማሪያ መጽሐፍ መሆኑ ነው። በትራከር የተሠራ ሙዚቃ በአንድ ፋይል ውስጥ ድምፆቹንም ጽሑፉንም ይዞ ስለሚዞር፣ ተማሪው የሌላውን ሰው ሥራ ከፍቶ እያንዳንዱን ረድፍ እያነበበ፣ ይህ እንዴት ተሠራ ብሎ መመርመር ይችላል። መምህር የሌለው፣ ያረጀ ኮምፒዩተር ብቻ ያለው ወጣት ሙያውን ሊማር የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። የሚያየውን ነገር በአማርኛ የሚጠራበት ስም ካጣ ግን፣ ወይም የተሰጠው ስም ሌላ ነገር የሚያመለክት ከሆነ፣ ንባቡ በግምት ላይ የተመሠረተ ይሆናል። ጉዳዩን የተራ ቃላት መረጣ አድርገን ያልተመለከትነው ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ «ናሙና»ን እንመልከት። ቃሉ ሥርወ መሠረቱ ፋርስኛ ሲሆን በአማርኛ ከተለመደ ቆይቷል፤ ነጋዴም የላቦራቶሪ ባለሙያም ይጠቀሙበታል። ከጆንያ ቡና ላይ አንድ እፍኝ ተዘግኖ ለገዢ ሲታይ፣ እፍኙ ናሙና ነው፤ ስለ ጆንያው ይመሰክራልና። የናሙና ባሕርዩ ከበስተኋላው የሚወክለው ሙሉ ነገር መኖሩ ነው። እንግሊዝኛው ግን በድምፅ ሥራ ውስጥ በአንድ ቃል ሁለት ነገሮችን ይጠራል። አንደኛው፣ የድምፅ ሞገድ በየቅጽበቱ ተለክቶ በቁጥር የሚመዘገብበት አንድ ልኬት ነው፤ በሲዲ ላይ እንዲህ ያለው ልኬት ለእያንዳንዱ የድምፅ መስመር በአንድ ሰከንድ 44,100 ጊዜ ይወሰዳል። ይህ ልኬት የሞገዱን አንዲት ነጥብ ወስዶ ስለ ሞገዱ ይመሰክራልና ናሙና ቢባል እውነት ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም።

ሁለተኛው ግን ሌላ ነው። አንድ የከበሮ ምት፣ አንድ የክራር ግርፍ፣ ወይም አንድ የዘፋኝ ድምፅ ተቀድቶ ቁጥር ይሰጠውና በትራከሩ ውስጥ እንደ መሣሪያ ሆኖ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ሳውንድትራከር የእነዚህ ብዛት 15 ነበር፤ በኋላ ወደ 31 ከፍ ብሏል። ይህ ድምፅ የማንም ወኪል አይደለም። ከበስተኋላው የሚጠበቅ ጆንያ የለም፤ የሚሰማው እርሱ ራሱ ነው። «የከበሮ ናሙና» ሲባል የሰማ ተማሪ እውነተኛው ከበሮ በሌላ ቦታ እንዳለና ይህ ለማሳያ ብቻ የቀረበ እንደ ሆነ ቢገምት የሚፈረድበት አይደለም።

አደናጋሪነቱ ይበልጥ የሚጎላው በሥራ ላይ ነው። በትራከር ውስጥ 9 ቁጥር ትእዛዝ ድምፁን ከመነሻው ሳይሆን ከመካከሉ ጀምሮ ያጫውታል፤ ከ9 ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር በ256 ይባዛል። ቁጥሮቹ የሚነበቡት በ16 መሠረት ስለ ሆነ «910» ሲጻፍ 10 ማለት 16 ነው፤ 16 በ256 ሲባዛ 4,096 ይሆናል። ይህን ለተማሪ በአማርኛ እናስረዳ ብንል «ናሙናው ከ4,096ኛው ናሙና ጀምሮ ይጫወታል» ልንል ነው። እንዲህ ያለውን ዐረፍተ ነገር የሚረዳው አስቀድሞ የተረዳው ሰው ብቻ ነው። ትእዛዙ ደግሞ ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም፤ ተከታትለው የተቀዱ የከበሮ ምቶችን አንድ በአንድ ከፋፍሎ በአዲስ ቅደም ተከተል ለማሰማት የሚያገለግለው ይኸው ነው።

ስለዚህ ናሙና ለልኬቱ ብቻ እንዲቀር፣ ለተቀዳው ድምፅ ደግሞ «ቅንጭብ ድምፅ»፣ ባጭሩ «ቅንጭብ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። ቃሉ በሥነ ጽሑፍ የታወቀ ነው፤ ከመጽሐፍ ውስጥ ተመርጦ የተወሰደ ክፍል «የተቀነጨበ» ይባላል። ከሁሉ በላይ ግስ ያለው መሆኑን ወደድነው። ቀነጨበ፣ መቀንጨብ፣ ቀንጫቢ፣ አቀነጫጨብ እያለ ይረባል፤ ናሙና ግን ስም ብቻ ስለ ሆነ ሁልጊዜ «መውሰድ»ን ተሸክሞ ይዞራል። ደግሞም ድርጊቱን በትክክል ይገልጻል። እ.ኤ.አ. በ2010 ናስና ዴሚየን ማርሊ «አዝ ዊ ኤንተር» በተባለው ሥራቸው ከሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ የወሰዱትን ድምፅ፣ በየትኛውም መሣሪያ ይሥሩት፣ ናሙና ነው ብሎ የሚጠራ ጆሮ ያለው ሰው ያለ አይመስለንም። ከዚያ ሥራ የተቀነጨበ ነው ቢባል ግን ወዲያው ይገባል።

መቃወሚያ እንዳለው እናውቃለን። አንዳንዱ ድምፅ ከሌላ ሥራ አልተወሰደም፤ ከ32 ቁጥሮች ብቻ በእጅ የተሣለ ሞገድም በዚያው ስም ይጠራል። እንዲህ ያለውን ቅንጭብ ማለት ጥቂት ይጎረብጣል። ሆኖም ያለ ጉርባጤ የሚሄድ የሙያ ቃል ስላላጋጠመን በዚህ አንናደድም። «እርሾ» ቢባልስ የሚል ሐሳብም ነበር፤ ከአንድ ድምፅ ብዙ ኖታ ይወጣልና። ያምራል፤ ለገጣሚ ይሁን።

ከአንድ ድምፅ ብዙ ኖታ እንዴት እንደሚወጣ ያለመናገር ግን አይቻልም፤ የቀንጫቢነት ጥበብ ያለው እዚያ ላይ ነው። ትራከሩ ቅንጭቡን ፈጠን አድርጎ ሲያጫውት ቃናው ይወጣል፣ ሲያዘገየው ይወርዳል፤ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ማለት ሁለት እጥፍ ፍጥነትና የግማሽ ጊዜ ርዝመት ማለት ነው። ስለሆነም እያርገበገበ የተመታ የማሲንቆ ድምፅ የቀነጨበ ተማሪ፣ ኖታውን ከፍ ባደረገ ቁጥር ርግብግቢቱም አብራ ትፈጥንበታለች፤ ማሲንቆው የወባ በሽተኛ ይመስላል። መፍትሔው ድምፁን ቀጥ ባለ ምት መቅዳትና ርግብግቢቱን በኋላ በትእዛዝ መጨመር፣ ወይም ከዝቅተኛው፣ ከመካከለኛውና ከከፍተኛው ቃና የተለያዩ ቅንጭቦች መውሰድ ነው። እንዲሁም አጭር ድምፅ እንዲረዝም ከቅንጭቡ አንዱ ክፍል ተደጋግሞ እንዲጫወት ይደረጋል። ለዚህ «ቀለበት» የሚለውን ብዙዎች ይመርጡታል። እኛ ግን አማርኛ ከእንግሊዝኛው የተሻለ ልዩነት ለማሳየት እድል እንዳለው እናያለን፤ መጨረሻው ላይ ደርሶ ከመጀመሪያው የሚነሣውን «ዙር»፣ በፋስትትራከር 2 እንደሚገኘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚመላለሰውን ደግሞ «ምልልስ» ማለት ይቻላል።

ወደ «ውጤት» እንለፍ። በየረድፉ መጨረሻ ላይ የሚጻፈውን ባለ ሦስት አኃዝ ምልክት እንግሊዝኛው «ኢፌክት» ይለዋል፤ ይህን ቃል በተለመደው ፍቺው የወሰደ ተርጓሚ «ውጤት» ወይም «ተጽዕኖ» ላይ ይደርሳል። ስሕተቱ የሚጀምረው ከእንግሊዝኛው ነው ብንል ሐሰት አይሆንም። በዚያ ቦታ የሚጻፈው ነገር ውጤት ሳይሆን ለፕሮግራሙ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ ውጤቱ የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ልዩነቱ የቃል ጨዋታ እንዳይመስል በምሳሌ እናሳየው።

የተለመደው የትራከር ፍጥነት እያንዳንዱን ረድፍ በ6 ቅጽበቶች ይከፍላል፤ በተለመደው የ125 ምት ቅንብር አንድ ቅጽበት የሰከንድ 1/50ኛ ስለ ሆነ ረድፉ 0.12 ሰከንድ፣ ባለ 64 ረድፉ ገጽ 7.68 ሰከንድ ይፈጃል። (ቅጽበቱን «ምት» ማለት አይገባም፤ አንድ ምት 4 ረድፍ፣ ማለትም 24 ቅጽበት ነውና።) የድምፅ ኃይል ከ0 እስከ 64 ይለካል። ተማሪው «ኤ04» ብሎ ቢጽፍ፣ ትእዛዙ ከመጀመሪያው በቀር በእያንዳንዱ ቅጽበት ከኃይሉ 4 እንዲቀነስ ያዛል፤ ስለዚህ 64 የነበረው ኃይል በአንድ ረድፍ ውስጥ 5 ጊዜ ተቀንሶ 44 ላይ ይደርሳል። ያንኑ «ኤ04» ፍጥነቱ 3 በሆነበት ሙዚቃ ውስጥ ቢጽፈው ግን የሚቀነሰው 2 ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ 56 ላይ ይቆማል። ትእዛዙ አንድ ነው፤ ውጤቱ ሁለት ነው። ትእዛዙን ውጤት ብለን የሰየምነው እንደ ሆነ ይህን እውነት ለመናገር እንኳ ቃል አይተርፈንም፤ የሌላውን ሥራ ገልብጦ «ለምን እንደዚያ አልሰማም?» ብሎ የሚቸገረው ጀማሪም መልሱን ከስሙ ውስጥ ሊያገኘው አይችልም። ስለዚህ «ትእዛዝ» ይባል። ለገደል ማሚቶና ለመሳሰሉት በኋላ በድምፁ ላይ ለሚታከሉት ጉዳዮች፣ እንግሊዝኛ በዚያው ስም ቢጠራቸውም፣ «የድምፅ ማቅለሚያ» የሚል የተለየ ስም መስጠት ይሻላል።

የእያንዳንዱን ትእዛዝ ስም በሚመለከት ወደ ዜማ ምልክቶቻችን ዐይናችንን ማንሣታችን አልቀረም። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ እንደ ሠሯቸው የሚነገርላቸው የድጓ ምልክቶች ድምፅ የሚሄድበትን፣ የሚረገረግበትን፣ የሚቆረጥበትን መንገድ ለአንባቢ ያሳያሉ፤ ትራከርም ከዚህ የራቀ ሥራ አይሠራም። ነገር ግን ሁሉንም እንዳለ ማስተላለፉ አያስኬድም። «ሂደት» ድምፅ ሳይቋረጥ ከአንዱ ቃና ወደ ሌላው ለሚጓዝበት ትእዛዝ እጅግ የሚስማማ ነበር፤ ዛሬ ግን ቃሉን የሥራ አካሄድ የሚለው ትርጉም ወርሶታል፤ ማስመለስም አይቻልም። እዚህ ላይ ከዜማ ቤት አነጋገር «መሳብ»ን ወስደን 1 ቁጥርን «ሽቅብ መሳብ»፣ 2 ቁጥርን «ቁልቁል መሳብ»፣ ወደ ተወሰነ ኖታ ደርሶ የሚያቆመውን 3 ቁጥርን «እስከ ኖታው መሳብ» እንላለን። «ርክርክ»ን ግን እንቀበላለን፤ 4 ቁጥር ቃናውን፣ 7 ቁጥር ኃይሉን የሚያወዛውዙ ስለ ሆኑ «የቃና ርክርክ» እና «የኃይል ርክርክ» ቢባሉ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ሳይቀሩ የሚያምታቷቸው ሁለት ነገሮች ይለያሉ። «ቁርጥ»ም ድምፁን በተወሰነ ቅጽበት ለሚያቆመው «ኢሲ» ለተባለው ትእዛዝ ይስማማል። ሥጋውን የሚያስታውስ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ጉዳት የለውም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ እንጨምራለን። የድጓው ምልክት ትርጉሙን የሚያገኘው ከመምህር አፍ ሲሆን፣ የትራከሩ ትእዛዝ በቁጥር የተወሰነ ነው፤ ስሙን ስንዋስ ዝርዝሩን አብረን የተዋስን እንዳይመስለን።

በቀሩት ላይ ብዙ አንዘገይም። ድምፆቹ የሚወርዱበት ዐምድ «መስመር» ቢባል ይበቃል፤ «ጣቢያ» ለሬዲዮ ይቅር። ባለ 64 ረድፉን ሠንጠረዥ «ንድፍ» ከማለት «ገጽ» ማለት ይቀላል። የቅንጭቡን ቃና በጥቂቱ ለማስተካከል የሚያገለግለው፣ ግማሽ ድምፅን በ8 የሚከፍለው ቁጥር «መቃኛ» መባል አለበት፤ ክራሩን የሚቃኝ ሰው ባለበት አገር ለዚህ ሌላ ቃል መፈለግ ትርፍ ድካም ነው። ከአንድ መስመር ሦስት ኖታዎችን በየቅጽበቱ እያፈራረቀ የሚያሰማው 0 ቁጥር ትእዛዝ በሙዚቃ ተማሪዎች ዘንድ እንደ ተለመደው «አርፔጂዮ» ይባል።

ትራከር የሚለውን ስም ራሱን መተርጐም አይገባም። «ተከታታይ» ወይም «ዱካ ፈላጊ» የሚሉት ሐሳቦች የሚነሡት ከእንግሊዝኛው ግስ ነው፤ የፕሮግራሙ ስም ግን የመጣው ድምፅ ከሚቀዳበት መስመር ነው እንጂ ዱካ ከመከተል አይደለም። ከአንድ ፕሮግራም የተጸውዖ ስም ተነሥቶ የወል ስም ለመሆን የበቃ ስለ ሆነ፣ እንዳለ ተወስዶ በ«ከ» ግዕዝ «ትራከር» ተብሎ ይጻፍ፤ ብዙው «ትራከሮች» ይሁን።