ድራጎን የተማረውን ድምፅ የት ያኖረዋል?

ንግግርን ወደ ጽሑፍ ከሚቀይሩ ፕሮግራሞች «ድራጎን ናቹራሊስፒኪንግ»ን ያህል የተወራለት ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ለገበያ ሲቀርብ ተናጋሪው በየቃሉ መካከል ቆም እንዲል አለማስገደዱ ብዙዎችን አስደንቆ ነበር። ስለ ትክክለኛነቱ ብዙ ተጽፏል። እኔ የማነሳው ገምጋሚዎች ዘወትር የሚዘሉትን ክፍል ነው፤ የተጠቃሚውን ፕሮፋይል እንዴት እንደሚጠብቅና ሲበላሽ እንዴት እንደሚመልስ።

ፕሮፋይሉ የባለቤቱን አነጋገር፣ የማይክሮፎኑን ጠባይ፣ የተጨመሩትን ቃላትና የአጻጻፍ ልማዱን አንድ ላይ ይይዛል። ሐኪም የመድኃኒት ስም፣ ጠበቃ የደንበኞቹን ስም እያረመ ያስተማረው ሁሉ እዚያ ነው። እጁ በሕመም ምክንያት ኪቦርድ መንካት ለማይችል ሰው ደግሞ ፕሮፋይሉ ጠፋ ማለት ሥራ ቆመ ማለት ነው።

ድራጎን ይህን አልዘነጋም። ካልከለከሉት በቀር ፕሮፋይሉ በተቀመጠ በየአምስተኛው ጊዜ ራሱ ባክአፕ ይወስዳል። ፕሮግራሙ በድንገት ቢዘጋ ወይም መብራት ቢጠፋ ይህ ያድናል፤ ተጠቃሚውን ሳያስቸግር መሥራቱም ያስመሰግነዋል። ችግሩ ቦታው ላይ ነው። ቦታውን ካልቀየሩለት ባክአፑ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጣል፤ መለዋወጫ ቁልፍን ከዋናው ጋር በአንድ ቀለበት ማንጠልጠል ማለት ነው። ሃርድ ዲስኩ የሞተ ቀን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ከዚህ የባሰው ግን ባክአፑ ጤነኛውን ከታመመው አለመለየቱ ነው። ሌላ ሰው በእርስዎ ፕሮፋይል ቢናገር፣ ወይም የተበላሸ ማይክሮፎን ለሰዓታት ጥቅም ላይ ቢውልና ያ ሁሉ ቢቀመጥ፣ ጥፋቱ ተራው ሲደርስ ወደ ባክአፑም ይገባል። ከዚያ በኋላ «መልስ» ብሎ ማዘዝ ያንኑ ሕመም መመለስ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያወጣው ኤክስፖርት ነው፤ ፕሮፋይሉን ፍላሽ ላይ አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያስገባል። ግን የት ተቀመጠ? የፕሮፋይሎች ማስተዳደሪያ መስኮት ውስጥ፣ ለአዋቂዎች ብቻ የታሰበ በሚመስል ተጨማሪ ቁልፍ ሥር። ወደ አዲሱ ዕትም ያሳደጉትን ፕሮፋይል አሮጌው ዕትም እንደማይከፍተውም ልብ ይሏል። ከሁሉ የወደድኩለት የጨመሩትን ቃላት ለብቻ እንደ ተራ ጽሑፍ ማውጣት መቻሉ ነው፤ ያን ዝርዝር ድራጎን የሌለው ኮምፒውተርም ያነበዋል።

ድራጎን አማርኛ አያውቅም። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ አማርኛን በድምፅ የምንጽፍበት የጉግል አገልግሎት ደግሞ ገልብጠን የምናስቀምጠው የድምፅ ፕሮፋይል አልሰጠንም፤ ስልክ ብንቀይር ይዘነው የምንሄደው የተማረ ድምፅ የለም። ከዚህ አንጻር ሲታይ ድራጎን ጉድለቱን ይዞም ይበልጣል፤ ቢያንስ ባለቤቱ በእጁ የሚያስገባው ፎልደር አለ።

ስለዚህም ነው ቅሬታዬ የሚጠነክረው። ሲጫን ማይክሮፎኑን እስኪፈትሽ ድረስ የማይለቀን ፕሮግራም፣ ባክአፑ የትኛው ዲስክ ላይ ይቀመጥ ብሎ አንድ ጊዜ ለመጠየቅ ምን ከለከለው?