«ልዩነት» ወይስ «መዋዠቅ»? ስለ አንድ የሕክምና ቃላት ረቂቅ

ለአስተያየት የቀረበልን የቤተ ሙከራ ሕክምና ቃላት ረቂቅ ብዙ የተደከመበት መሆኑ ከአሰነዳዱ ይታያል። «ትሮፖኒን»ን የመሳሰሉትን ዓለም አቀፍ ስሞች እንዳሉ መቀበሉም ተገቢ ነው። ቅሬታችን የልብ ሕሙማንን የደም ምርመራ በሚመለከተው ክፍል ላይ ነው፤ በዚያ ክፍል የቃል ምርጫ ጉድለት የውጤቱን ንባብ እስከ ማዛባት ይደርሳልና።

የክፍሉ አርእስት «በልብ ሕሙማን ዘንድ የልብ ደም ምልክቶች ተፈጥሯዊ ልዩነት» ይላል። «የልብ ደም» ሲባል አማርኛ ሰሚ በልብ ውስጥ ያለውን ደም ያስባል እንጂ ከልብ ጡንቻ ወጥቶ ከክንድ በተቀዳ ደም የሚለካውን ንጥረ ነገር አያስብም። «ምልክት»ም በሐኪሞቻችን አነጋገር የደረት ውጋትን፣ የትንፋሽ ማጠርን የመሰለው ነው። «በደም የሚለኩ የልብ ጠቋሚዎች» ቢባል፣ ቢረዝምም አያሳስትም።

ዋናው ነገር ግን «ልዩነት» ነው። ቃሉ ከ«ለየ» የወጣ እንደ መሆኑ ተለያይተው የቆሙ ሁለት ነገሮችን ይሻል። በክፍሉ የተፈለገው ፅንሰ ሐሳብ ሌላ ነው፤ ሕመሙ የተረጋጋ አንድ ሰው ዛሬና ከሳምንት በኋላ ደም ቢሰጥ፣ ሳይብስበትም ሳይሻለውም ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው። ለዚህ «መለዋወጥ» እና «መዋዠቅ» አሉን። የመጀመሪያው በድግም ቅርጹ መመላለስን ቢያሳይም፣ «ሐሳብ ተለዋወጡ» እንደምንለው የሁለት ወገን መሰጣጣትንም ያመለክታል፤ ሥሩ «ለወጠ»ም ሌላ ሆኖ መቅረትን ያሰማል። «መዋዠቅ» የገበያ ዋጋን ስለሚያስታውስ ለአንዳንዶች ደስ ላይል ይችላል። በበኩላችን ግን እንመርጠዋለን፤ በአንድ መካከለኛ ቦታ ዙሪያ መወዛወዝን እንደ እርሱ የሚገልጽ አላገኘንም።

«ልዩነት» ከዚህ ከተነሣ በሰውና በሰው መካከል ላለው ብቻ ይውላል። ረቂቁ ሁለቱንም «ልዩነት» በማለቱ የሁለቱ ምጥጥን «የልዩነት ለልዩነት ምጥጥን» ሆኖ ቀርቷል፤ ተርጓሚ ይህን ይዞ ወዴት ይሄዳል? ነገሩ ቀላል አይደለም። እንደ ትሮፖኒን ሁሉ የግለሰቡ መዋዠቅ በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት እጅግ ሲያንስ፣ የሕመምተኛው ውጤት ለሕዝብ ከወጣው ወሰን ይልቅ ከራሱ ከቀድሞው ውጤት ጋር ቢነጻጸር ይበልጥ ይናገራል። «ተፈጥሯዊ»ም ከልደት ጀምሮ ያለ ያሰኛል፤ «ሥነ ሕይወታዊ» ይሻላል።

ሐሪስና ያሳካ እ.ኤ.አ. በ1983 ስላቀረቡት ስሌት ረቂቁ «የማጣቀሻ ለውጥ ዋጋ» ይላል። ይህ ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የተገለበጠ ነው፤ «ማጣቀሻ» መጽሐፍን፣ «ዋጋ» ገበያን ያስባል። ስሌቱ የሚለው፣ የሰውየው መዋዠቅ 10 በመቶ፣ የመለኪያው 5 በመቶ ቢሆን፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለውጥ አለ ለማለት ሁለቱ ውጤቶች 31 በመቶ ገደማ መራራቅ አለባቸው ነው። በዚህ ምሳሌ በሊትር 20 ናኖግራም የነበረው 24 ቢሆን ከመዋዠቅ አልወጣም። «ልዩነት ታይቷል» የተባለ ሕመምተኛ ግን ልቡ ዳግም የተጎዳ መስሎት ይሸበራል። «የእውነተኛ ለውጥ ወሰን» እንዲባል እናሳስባለን።

«የአንጎል ሶዲየም አስወጋጅ ፔፕታይድ» ለተባለው አዘጋጆቹን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ስሙ እ.ኤ.አ. በ1988 በአሳማ አንጎል ውስጥ ስለ ተገኘ የተሰጠ ነው። ነገር ግን ዋና ምንጩ የልብ ታችኛ ክፍሎች መሆናቸው ከታወቀ በኋላ የውጭ ሊቃውንትም «ቢ ዓይነት» ማለትን አዘውትረዋል። እኛ ዛሬ ስም ስናወጣ የእነርሱን የትናንት ስም የምንወርስበት ምክንያት አይታየንም። የልብ ድካም ያለበት ሰው ውጤቱን ይዞ ወደ አንጎል ሐኪም ቢሄድ ማን ይጠየቃል?

በመጨረሻም ረቂቁ የመሣሪያውን መዋዠቅ «ስሕተት» ብሎታል። ስሕተት የሠሪን ጥፋት ያሰማል፤ ባለሙያው ሥራውን በሚገባ ቢሠራም አንዱን ናሙና ሁለት ጊዜ ሲለካ ቁጥሩ በጥቂቱ መራራቁ አይቀርም። «የመለኪያ መዋዠቅ» ይባል፤ «ስሕተት» ናሙና ለተለዋወጠበት፣ ስም ለተሳሳተበት ይቆይ።