ጋብቻ ምስክር ይሆናልን?
በገድለ ወለተ ጴጥሮስ ክርክር ላይ የቀረበ አጭር ሂስ

አባ ገላውዴዎስ ገድለ ወለተ ጴጥሮስን በግዕዝ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1672 ነው። ዌንዲ ቤልቸርና ሚሻኤል ክላይነር በ2015 ወደ እንግሊዝኛ መልሰው በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳተሙት። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም። ቤልቸር ስለ መነኮሳይያት የሚናገረውን አንድ አጭር ክፍል የሴት ለሴት ፍትወት ብላ አነበበችው፤ በወለተ ጴጥሮስና በእኅተ ክርስቶስ መካከል የነበረውን ፍቅርም በዚያው መነጽር አየችው። ይርጋ ገላው ደግሞ በ2020 ባወጣው ጽሑፍ ትርጉሙ ግዕዙን ያጣመመና የቅኝ ገዥ አስተያየት የተጫነው ነው ሲል ሞገተ።

እዚህ የተነሣነው በሁለቱ መካከል ለመዳኘት አይደለም። የግዕዝ ግስ በግዕዝ ሊቅ ይፈታ፤ በዚህ ረገድ የይርጋ ጥያቄ ተገቢ ነው። ገድልም የተጋድሎ መጽሐፍ እንጂ የልብ ኑዛዜ አይደለም። እኛን ያሳሰበን ሌላ ነገር ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስድስት ኪሎ ስንወርድ በየሻይ ቤቱና በየዶርሙ የምንሰማው ሙግት።

አንዱ ወገን፣ «አግብታ ሦስት ልጅ ወልዳለች እኮ! ታዲያ ምን ታወራላችሁ?» ይላል። ሌላው፣ «ባሏን ጥላ ከሴት ጋር ኖረች፣ አለቀ!» ብሎ ይመልሳል። እነዚህ ሁለቱ ጠላቶች ይመስላሉ እንጂ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ጋብቻን የልብ ምስክር አድርገው ይጠራሉ፤ አንዱ በመግባቱ፣ አንዱ በመፍረሱ።

ገድሉ ግን ለሁለቱም አይመሰክርም። ወለተ ጴጥሮስን ለመልክአ ክርስቶስ የዳራት አባቷ ነው፤ ልጆቿም በሕፃንነታቸው ሞቱ። ባሏን የተለየችው ዐፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ እምነት ባዘነበሉበት ጊዜ፣ እሱ የንጉሡን ወገን በመያዙ ነው። ምክንያቱ ሃይማኖት ነው። እኅተ ክርስቶስም ባሏን ትታ የመነነች ነበረች። ሁለቱ ከተገናኙ በኋላ ወለተ ጴጥሮስ በ1642 እስክታርፍ ድረስ አልተለያዩም። እንግዲህ ከዚህ ውስጥ ማግባቷ ወንድ ብቻ፣ መፍታቷ ሴት ብቻ ትወድ ነበር የሚያሰኝ ፍርድ እንዴት ይወጣል? ሽሮ ሜዳ ጥለቱን አይቶ ስለ ድሩ የሚምል ገዢ ይታለላል፤ ጋብቻም እንደ ጥለት ነው፣ ከላይ የሚታይ።

የሙግቱ ሥር ያልተነገረ እምነት ነው፦ ሰው ወይ ወንድ ወይ ሴት ብቻ ይወዳል፣ ሦስተኛ የለም የሚል። ለሁለቱም ጾታ ፍቅር ሊያድርበት የሚችል ሰው፣ ባይሴክሹዋል የሚባለው፣ በዚህ ሙግት ውስጥ ስፍራ የለውም። ሌላው ቀርቶ በመንደራችን ስሙ ሲነሣ «ፍናፍንት ማለት ነው» የሚል አይጠፋም። ፍናፍንት ስለ አካል አፈጣጠር የሚነገር ቃል ነው፤ ይህኛው ግን የልብ ዝንባሌ ነው። ሁለቱን ማምታታት ለሁለቱም በደል ነው።

«ያልፍለታል፣ የወጣትነት ነገር ነው» የሚሉም አሉ። ኪንሴ ገና በ1948 ዝንባሌን ከ0 እስከ 6 ባለ መለኪያ ሲያስቀምጥ በሁለቱ ጫፎች መካከል ብዙ ሰው እንዳለ አሳይቷል። ሊሳ ዳይመንድ ደግሞ 79 ሴቶችን ለ10 ዓመት ተከታትላ ውጤቱን በ2008 አቀረበች፤ ከጅምሩ ለሁለቱም ጾታ ዝንባሌ የነበራቸው አብዛኞቹ ከዐሥር ዓመት በኋላም እንደዚያው ነበሩ። «ለአንድ ሰው አይታመንም» የሚለውስ? ሴት የሚወድ ወንድ ሴቱን ሁሉ አይከተልም። መታመን የቃል ኪዳን ጉዳይ ነው እንጂ ልብ ለስንት ዓይነት ሰው ይከፈታል የሚል ቁጥር አይደለም።

ይህ ሁሉ የመጻሕፍት ነገር ብቻ ቢሆን ባልደከምንበት። ጉለሌ ውስጥ ግን «ዳሩት፣ ይተወዋል» የሚለው ምክር ከዚያው ሙግት የተቀዳ ነው። ልጁ ይዳራል፤ ሚስቱንም ከልቡ ይወድ ይሆናል። ሰፈሩ «ዳነ» ይላል፤ ነገሩን ከፊት የሚያውቅ ጓደኛው «አስመሳይ» ይለዋል። እሱ ግን አልታመመም ነበርና አልዳነም፣ አላስመሰለምም። ምንም ያልተነገራት ሙሽራም አለች፤ የምክሩን ዕዳ ሳታውቀው የምትሸከም እሷ ናት። ልጁ እውነቱን ልናገር ቢል የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ያስፈራዋል። በርግጥ አንቀጹ የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ ዝንባሌን አይልም። በዝንባሌ የምንፈርደው እኛው ነን፣ ያውም ያለ ማስረጃ።

ቅድስቲቱን ለገድሏ እንተውላት፤ ስለ እምነቷ ያደረገችው ተጋድሎ ብቻውን ትልቅ ንባብ ነው። ከሂስ ጸሐፊዎቻችን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በመጽሐፍም ሆነ በሰፈር የሰው ጋብቻ ስለ ልቡ እንዲመሰክር አይጠራ። ጠያቂው ምስክር ካስፈለገው ባለቤቱን ይጠይቅ፤ ባለቤቱ ዝም ካለም ዝምታውን ያክብርለት። የሚቃወም ካለ ብዕሩን ያንሣ፣ የመጽሔታችን ገጽ ክፍት ነው።