ያልታዩት ሕፃናት

እ.ኤ.አ. በ1949 በካን ትልቁን ሽልማት ያገኘውና በ1999 የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት ከእንግሊዝ ፊልሞች ሁሉ አንደኛ ያለው የካሮል ሪድ «ሦስተኛው ሰው» በተነሣ ቁጥር ሰው የሚያወሳው ኦርሰን ዌልስን ነው። ሃሪ ላይምን ሆኖ ብቅ የሚለው ፊልሙ ከተጋመሰ በኋላ ቢሆንም፣ ፈገግታው ሁሉን ጠቅልሎ ወስዶታል። እንዲያውም በ1951 ላይም የራዲዮ ተከታታይ ድራማ ተወዳጅ ጀግና ለመሆን በቃ።

እኔ ግን ይህን ፍቅር እጠረጥረዋለሁ። ላይም ጦርነት ባፈራረሳት ቪየና የተበረዘ ፔኒሲሊን የሚቸበችብ ሰው ነው። ማጅራት ገትር የያዛቸው ሕፃናት በዚያ መድኃኒት አለቁ፤ የተረፉትም አእምሯቸውን ሳቱ። ሪድ ወደ ሆስፒታሉ ይወስደናል እንጂ ፊታቸውን አያሳየንም። የምናየው አልጋዎቹን፣ አንድ አሻንጉሊት ድብና የጎብኚውን የደነገጠ ፊት ብቻ ነው።

ይህ በእኔ እምነት ለተመልካች የቀረበ ፈተና ነው። ላይም ከግዙፉ የመዝናኛ መንኮራኩር ላይ ሆኖ ከታች የሚርመሰመሱትን ሰዎች ነጠብጣብ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። እኛም ፊታቸውን ያላየናቸውን ሕፃናት ረስተን በፈገግታው ከተማረክን፣ አብረነው ተሳፍረናል ማለት ነው።