ስንዴ ብቻ ነውን?



በየመስጊዱ ደጃፍ፣ በየወዳጃውና በየሰደቃው ላይ የሚስዮናውያን ነገር በተነሣ ቁጥር የምንሰማው ታሪክ አንድ ዓይነት ነው። «ድርቅ ሆነ፤ ሕዝቡ ተራበ፤ ስንዴና ዘይት ይዘው መጡ፤ አስከፈሩት» ይባላል። አድማጩ ከንፈሩን ይመጣል፤ ቡናው ይጠጣል፤ ጀመዓው ይበተናል። በማግስቱ ግን ያ ሰው ለምን እንደሄደ የሚጠይቅ፣ ወደ ቤቱም ጎራ የሚል አይገኝም። ይህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ለመተቸት የተዘጋጀ ነው። አንደኛው ርዳታን የስብከት ገመድ የሚያደርገው አሠራር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ስለዚሁ አሠራር የምናወራው የራሳችን ወሬ ነው።

ነገሩን ከላስታ እንጀምር። ላስታ የአሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አገር ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት የሰሜን ወሎ ዞን ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሲሆን ከመቶ 83 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ ከመቶ 17 ያህሉ ደግሞ ሙስሊም ነው። ሙስሊሙም ቢሆን በብዛት የሚገኘው በየጁና በራያ በኩል ባለው ዝቅተኛ ቦታ ነው። ወደ ላስታ ደጋ በወጣን ቁጥር በገበያ ከተሞች የሚነግድ፣ ሸማ የሚሠራ ጥቂት ወገን ብቻ እናገኛለን። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ በሰሜኑ ደጋ የሚኖር ሙስሊም በአብዛኛው ርስት የተነፈገ ነበር። እንዲህ ባለ አገር ጎረቤቱ ሁሉ ክርስቲያን የሆነ፣ ልጁን የሚያስቀራበት መድረሳ በቅርብ የሌለው አባወራ ሃይማኖቱን የሚጠብቀው በምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ይዘን እንቀጥል።

የውጭ ሚስዮኖች ሥራ በሕግ የተወሰነው በነሐሴ 1936 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ነው። ደንቡ አገሪቱን ለሁለት ከፈላት፤ አንደኛው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል፣ ሌላኛው ክፍት ክልል ተባለ። በመጀመሪያው ክልል ሚስዮኖች ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ሊከፍቱ ይችላሉ እንጂ የየራሳቸውን የእምነት ክፍል እንዳይሰብኩ ተከለከሉ። በክፍቱ ክልል ግን ተፈቀደላቸው። ላስታን የመሰለ የተዋሕዶ እምብርት በየትኛው ወገን እንደሚወድቅ መናገር አያሻም። ልብ በሉ፤ ደንቡ ቤተ ክርስቲያንን ከሚስዮን የሚጠብቅ አጥር አበጀ፤ ለመስጊድ ግን አጥር አላሰበም። በመሆኑም ወሎ ውስጥ የሚስዮን ሥራ ከሁሉ በፊት የታየው በሕክምና በኩል ነው። ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ የሱዳን ኢንቴርየር ሚስዮን ያቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕክምና ለዚህ ምሳሌ ነው። ሰው ሁሉ የሸሸውን በሽተኛ ያጠበና ያስታመመ ሰው ሥራው መልካም ነው፤ ይህን መካድ ዓይንን ጨፍኖ መሄድ ነው።

ከዚያ ረሃቡ መጣ። የ1965ና 1966ቱ የወሎ ረሃብ ባለበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ የክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅቶችን ያስተባበረው ማኅበር ተቋቋመ። በ1977ቱ ረሃብም የካቶሊክና የሉተራን ተቋማት ኃይላቸውን አስተባብረው እህል አመላልሰዋል፤ ከሞት ካተረፉትም መካከል ሙስሊሞች ቁጥር ስፍር የላቸውም። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ላሊበላ በዘለቀ ጊዜም የላስታ ገበሬ ዳግመኛ የርዳታ እጅ ጠባቂ ሆኖ ነበር። እህሉን ላመጣ ሁሉ ምስጋና ይገባዋል። ሰውን ያላመሰገነ አላህን አያመሰግንም የሚለው የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት የታወቀ ነው።

ይሁንና ምስጋና ትችትን አያስቀርም። ማከፋፈያው ላይ ከጆንያው በፊት ስብከት የሚቀድም ከሆነ፣ ስሙን ያስመዘገበው ረሃብተኛ ጸሎት ላይ መገኘቱ የሚቆጠርበት ከሆነ፣ ሕፃን ወላጆቹ ሳያውቁ የሚሰበክ ከሆነ፣ ይህ ዳዕዋ ሳይሆን ንግድ ነው። ይህን የምለው በእኛ መለኪያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ንቅናቄ ከሌሎች የርዳታ ድርጅቶች ጋር ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ርዳታ የማንንም የፖለቲካም ሆነ የሃይማኖት አቋም ማራመጃ እንዳይሆን ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2011ም የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ፣ ቫቲካንና የዓለም ወንጌላውያን ኅብረት በጋራ ባወጡት ሰነድ በገንዘብና በጥቅም ማባበልን ነቅፈዋል። እንግዲህ በገጠር መንደር ስንዴን ከጥምቀት ጋር ያሰረ ሰባኪ ቢኖር የሚጥሰው የእኛን ስሜት ብቻ ሳይሆን የራሱን ወገኖች ፊርማ ጭምር ነው።

እዚህ ላይ «እናንተስ?» የሚል ክርስቲያን ወገን ይኖራል። ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች መካከል ልባቸው የሚለማመድ ሰዎች አሉ (አት-ተውባህ 60)። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ልናድበሰብሰው አይገባም። በሻፊዒይ መዝሀብ ይህ ድርሻ የሚሰጠው አስቀድሞ ለሰለመ ሰው ነው። ሐነፊዮች በአቡበክር ዘመን ዑመር ካስቆሙት ወዲህ ቀርቷል ይላሉ። ሐንበሎች ደግሞ ሰፋ አድርገው ለሙስሊም ላልሆነም ይፈቅዱታል። ዑለማው በስፋቱ ይለያዩ እንጂ፣ ረሃብተኛን «እመን፤ ያለዚያ አትበላም» ማለትን የፈቀደ መዝሀብ የለም። በአል-ኢንሳን ምዕራፍ (8–9) የተመሰገኑት ሰዎች ድኻን፣ የቲምንና ምርኮኛን የሚያበሉት ዋጋም ምስጋናም ሳይሹ ነው። የዚያ ዘመን ምርኮኛ ሙስሊም ያልሆነ ጠላት እንደነበር ሙፈሲሮች ጽፈዋል። መለኪያችን ይህ ነው፤ ሌላውን የምንለካበትን ያህል ራሳችንንም እንለካበት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ትችት እንለፍ። ሰው ሃይማኖቱን የሚለውጠው በስንዴ ብቻ ነውን? ታሪካችን አይደለም ይላል።

ሸኽ ዘካርያስን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1845 ገደማ የተወለደው ይህ የበጌምድር ሰው ከሙስሊም ቤተሰብ የወጣ፣ ቁርኣን የተማረና ያስተማረ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ራእይ አየሁ ብሎ ተነሣ፤ ከዚያም ከዑለማው ጋር በአደባባይ መከራከር ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1910 ተጠመቀና ንዋየ ክርስቶስ ተባለ፤ በ1920ም ሞተ። በሺህ የሚቆጠሩ የገጠር ሙስሊሞች ተከትለውት ሄዱ። ልብ በሉ! ፈረንጅ አልላከውም፤ ስንዴም አላከፋፈለም። መንግሥት ከለላ እንደሰጠው እውነት ነው፤ ከለላ ግን መናገር ያስችላል እንጂ ሰሚ አያመጣም። በእጁ ይዞ የተነሣው ያንኑ የምናነበውን ቁርኣን ነበር። አያህ እየጠቀሰ፣ በሕዝቡ ቋንቋ እንደ ልቡ እየተረጎመ ያስተምራል። ሰሚው አያውን በዐረብኛ ያውቀዋል፤ ትርጉሙን ግን የነገረው አልነበረም። ትርጉሙን መጀመሪያ የሰማው ከዘካርያስ አፍ ከሆነ፣ የዘካርያስ ትርጉም የተጣመመ መሆኑን በምን ያውቃል?

የማስገደዱንም ነገር እንየው። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም እንዲጠመቅ አዘዙ። ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ሚካኤል፣ ኢማም አመዴ ሊበን ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሸኽ ጦልሐ ቢን ጀዕፈርን የመሰሉ ዑለማ እምቢ ብለው ተነሡ፤ ብዙው ሕዝብ ደግሞ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ዐፄው በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከሞቱ በኋላ ግፊቱ ሲላላ ሕዝቡ ወደ ዲኑ በግልጽ ተመለሰ። ዛሬ ቦሩ ሜዳ በሚገኝበት በደቡብ ወሎ፣ በ1999ኙ ቆጠራ መሠረት፣ ከመቶ 70 የሚበልጠው ሕዝብ ሙስሊም ነው። ለፍትሕ ሲባል ሌላውንም እንናገር፤ በኢማም አሕመድ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1529–1543) በጦርነቱ ግርግር ወደ እኛ የመጡ ብዙዎች ኢማሙ ከወደቁ በኋላ ወደ ነበሩበት ተመልሰዋል። አላህም በእምነት ማስገደድን የከለከለው (አል-በቀራህ 256) ጥበብ ስላለበት ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። የንጉሥ ሠራዊት ያልቻለውን አንድ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ቻለው። ታዲያ ከስንዴው ይልቅ ሊያስፈራን የሚገባው ምንድን ነው? የራሳችን ሕዝብ የሚያነበውን አለማወቁ ነው።

በዚህ ረገድ ሌሎች ቀድመውናል። አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ካይሮ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሰ። ሐዲስ ኪዳኑ እ.ኤ.አ. በ1829፣ ሙሉው ደግሞ በ1840 በእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር አማካይነት ታትሞ ወጣ። ቁርኣን በአማርኛ ተተርጉሞ የታተመው በ1961 ዓ.ም. ነው፤ ሸኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና ሸኽ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ አላህ ይዘንላቸው። በመካከሉ ከአንድ መቶ ሃያ ዓመት በላይ አለፈ። ይህ ማለት ግን ዑለማችን ዝም ብለው ነበር ማለት አይደለም። ሸኽ ጦልሐ በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ ተውሒድን በመንዙማ ያስተምሩ ነበር። በየጁ የዳና፣ በደቡብም የገታና የጫሊ ሸኾች ደረሳን ያፈሩት ከባላገሩ ጋር በባላገሩ አንደበት እየተነጋገሩ ነው። እነርሱ ያወቁትን ጥበብ እኛ ረሳነው። ዛሬ በብዙ መድረሳዎቻችን ልጁ ጁዝእ ዐማን ቀርቶ ይጨርሳል፤ «የሱረቱል ኢኽላስ መልእክት ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። ሰባኪው በሩን ሲያንኳኳ የሚያገኘው ይህን ዝም ያለ ልጅ ነው።

ሌላው ጉዳይ አዲስ አማኙን የምንይዝበት መንገድ ነው። በወሎ አገር ቅሬ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ የሚቀብርበት፣ አብሮ የሚያስተዛዝንበት ማኅበር ነው። ከሙስሊም ቤት አንድ ሰው ወደ ሌላ እምነት በሄደ ጊዜ ግን ወዲያው ከቅሬ ይውጣ፣ ከደቦ ይቅር፣ ሰላምታ አይሰጠው የሚል ይነሣል። ወደ እስልምና የመጣውም ቢሆን ከክርስቲያን ዘመዶቹ ተመሳሳይ ነገር ይደርስበታል፤ እኛም የሸሃዳው ዕለት ተክቢራ አሰምተን በማግስቱ እንረሳዋለን። ሁለቱም ወገን አያስተውለውም እንጂ ከጎረቤት የተቆረጠ ሰው ወደ መጀመሪያው እጅ ዘርጊ ይሄዳል። «ስንዴ ወሰደው» የምንለው ሰው አንዳንዴ አስቀድመን እኛው የገፋነው ነው።

ከእኛ የሄደውን ሰው በተመለከተ ትምህርቱ ከራሳችን አገር ይገኛል። በሲራ መጻሕፍት እንደተዘገበው ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት መካከል ዑበይዱላህ ቢን ጀሕሽ እዚሁ ክርስቲያን ሆኖ ሞቷል። የዘገባውን ሰነድ የተቹ ምሁራን ቢኖሩም ታሪኩ በኢብን ኢስሓቅ ዘንድ የታወቀ ነው። ሶሐቦቹ ምን አደረጉ? ሰይፍ አልመዘዙም፤ የነጃሺን ሰላምም አላደፈረሱም። ባለቤቱ ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ.) በባዕድ አገር፣ ያለ ደጋፊ፣ በዲኗ ጸናች። ያጸናት የምታምነውን ማወቋ ነው። ሙስሊሞቹም አልተዋትም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በነጃሺ በኩል አገቧት፣ አከበሯትም።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ከዚህ ምን ይዘን እንሄዳለን? በመጀመሪያ፣ ርዳታና ስብከት ተቀላቅሎ ባየን ጊዜ ወሬውን አራግበን ከመበተን ይልቅ ያየነውን በማስረጃ ይዘን ለሚመለከተው እናቅርብ፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንም እምነቱን የመምረጥ ነፃነቱ እንደተጠበቀ ሆኖ መገደድ የለበትም። ያልታየውን ግን አንመስክር። ሁለተኛ፣ በየመንደሩ የሚወጣው ዘካ ወደ ከተማ ከመሻገሩ በፊት የዚያው መንደር ችግረኛ ይታይ፤ በሰደቃችንም ክርስቲያን ጎረቤታችን አይረሳ። ሦስተኛ፣ ልጆቻችን ከሚቀሩት እያንዳንዱ ሱራ ጋር ትርጉሙን በአማርኛ ይማሩ። አራተኛ፣ ጥቂት አባወራዎች ብቻ ወዳሉበት የላስታ መንደር ኡስታዝ በረመዳን ብቻ ሳይሆን በክረምቱም ይሂድ። አምስተኛ፣ የሄደውን ሰው በር አንዝጋበት፤ በጥበብና በመልካም ግሣጼ መጥራት (አን-ነሕል 125) የታዘዝነው ለሚሰማን ብቻ አይደለም።

ነጃሺ በሞተ ዕለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ላይ ሶሐቦችን አሰልፈው ሰገዱበት። ከዑለማ አንዳንዶቹ እንደሚሉት በአገሩ ጀናዛውን የሚሰግድበት ሙስሊም ስላልነበረ ነው። ንጉሥ ሆኖ ሳለ በእምነቱ ብቻውን የነበረን ሰው ከባሕር ማዶ ሆነው አስታወሱት። በላስታ ደጋ ላይም እንዲሁ በእምነቱ ብቻውን የሆነ፣ ሲሞት ማን እንደሚያጥበው የሚያስብ ሙስሊም አለ። እርሱን ሳንጠይቅ ስለ ሚስዮን ስንዴ ብንነጋገር ለእርሱ ምን ይጠቅመዋል?

አላህ እውነትን አውቀው ለሌላው በመልካም አንደበት ከሚያደርሱት ያድርገን። አሚን።