«ለርኒንግ ፐርል»፦ የገባውን መጠርጠር፣ የሚወጣውን መደርደር

ራንዳል ሽዋርትዝ በ1993 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የፐርል ፕሮግራሚንግ ቋንቋ መማሪያ «ለርኒንግ ፐርል» ፕሮግራመሮች በሽፋኑ ሥዕል ምክንያት «የላማው መጽሐፍ» ይሉታል። ቶም ፊኒክስና ብራያን ዲ ፎይ በጸሐፊነት ታክለውበት በ2021 ስምንተኛ እትሙ ወጥቷል። እዚህ የምመዝነው ግብዓት መቀበልንና ውጤት ማሳመርን እንዴት እንደሚያስተምር ነው።

መጽሐፉ ጀማሪው የሚሰናከልበትን ቦታ አሳምሮ ያውቃል። ተጠቃሚው «አበበ» ብሎ ኢንተር ሲጫን፣ ከስሙ ጋር የአዲስ መስመር ምልክትም ይገባል። ፕሮግራሙ ሰላምታ ሲሰጥ ቃለ አጋኖው ብቻውን ታች ይወርዳል፤ ስሙ ከሌላ «አበበ» ጋር ቢነጻጸርም አይገጥምም። ይህን ጭራ የሚቆርጠው የቾምፕ ትእዛዝ ገና በሁለተኛው ምዕራፍ ይመጣል። በአምስተኛው ምዕራፍ ደግሞ ውጤት የሚያትመው የፕሪንት ትእዛዝ አንድ ወጥመድ አለ፦ በቅንፍ የተደመሩ 2 እና 3 በ4 ተባዝተው እንዲታተሙ ብታዙ 20 ሳይሆን 5 ይወጣል። ፕሪንት ቅንፉን የራሱ አድርጎ ድምሩን ያትማል፤ ማባዣው የሚደርሰው ከታተመ በኋላ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ መስመር ኮድ ማሳየት ከገጾች ማብራሪያ ይበልጣል።

አዳዲሶቹ እትሞች ጥርጣሬንም ያስተምራሉ። ፋይሎችን በተራ የሚያነበው ዳይመንድ ምልክት፣ የፋይሉ ስም በቁም መስመር ምልክት (|) ካለቀ ስሙን እንደ ትእዛዝ ሊያስኬደው ይችላል። ፐርል 5.22 ድርብ ዳይመንድን ያመጣው ይህን ለመከላከል ነው።

ቅሬታዬ ውጤትን በተወሰነ ስፋት አስተካክሎ በሚያትመው ፕሪንትኤፍ አቀራረብ ላይ ነው። መልመጃው የገቡትን ቃላት በ20 ቦታ ስፋት ወደ ቀኝ አስጠግቶ ማተም ነው፤ ምሳሌዎቹም እንግሊዝኛ ናቸው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ ግብዓቱ ከባይት ወደ ፊደል ካልተፈታ ፐርል «አበበ»ን 9 ብሎ ይቆጥራል። ስለዚህ 17 ክፍት ቦታ በሚገባው ስም ፊት 11 ብቻ ይጨምራል። ባለ 7 ፊደሉ «ገብረመድኅን» 21 ባይት ስለሚሆን ምንም ክፍት ቦታ አያገኝም፤ የቀኙ ጠርዝ ይዘበራረቃል። መፍትሔው የግብዓቱንም የውጤቱንም ኢንኮዲንግ በቢንሞድ ትእዛዝ መወሰን ነው፤ የዩኒኮድ መግቢያው ግን ከመጽሐፉ ኋላ፣ በአባሪ ተቀምጧል።

መጽሐፉ ለጀማሪ ዛሬም ይመከራል። በአማርኛ የሚያስተምርበት መምህር ግን አባሪውን ከመልመጃው ያስቀድም፤ አለዚያ ተማሪው የተዛባውን ሰንጠረዥ የራሱ ስህተት አድርጎ ይወስደዋል።